ምን ልቀባው? ምን ላጠጣው? የመጀመሪያ ርዳታ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ባለፈው እትም ቤትም ሆነ መንገድ ላይ ድንገት ስለሚያጋጥሙ አደጋዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ እናንተ ደግሞ ለካ ጥያቄ ይዛችሁ ነው ስትጠብቁኝ የነበረው። ቁጭ ብዬ ሳነባቸው ግን አንድ ነገር ገረመኝ፣ አብዛኛው ደብዳቤ «ምን ልቀባው»፣ «ምን ላጠጣው»፣ «አፉ ውስጥ ምን ላድርግለት» ነው የሚለው። ይገባኛል፣ ሰው ሲደነግጥ እጁ ዝም ማለት አይሆንለትም። የኔ መልስ ግን ብዙ ጊዜ «ምንም» ነው፣ ወይ «ውሃ»፣ ወይ ደግሞ «ተጭናችሁ ያዙት» ነው፣ ስለዚህ አንዳንዶቻችሁ ይኼ ብቻ ነው እንዴ ብላችሁ ታዝኑብኝ ይሆናል። እንግዲህ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ሲስተር ሰላም ላንቺ ይሁን። የሦስት ዓመት ልጄ ክንዱ ላይ የፈላ ውሃ ተደፋበት፣ እኔ በረዶ ልያዝለት ወይስ ቅባት እያልኩ ስዋልል ጎረቤቴ ሮጣ መጥታ የጥርስ ሳሙና ለቀለቀችው። ሐኪም ቤት ስንደርስ ያንን ሲያጥቡለት ከመቃጠሉ በላይ ነው ያለቀሰው። አሁን ደህና ነው ግን ምን ማድረግ ነበረብኝ? (እናቱ ነኝ)

መልስ፦ እንኳን ተረፈልሽ እህቴ። መልሱ የቧንቧ ውሃ ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ የሚፈስ፣ ለ20 ደቂቃ። 20 ደቂቃ ስልሽ ሰዓት አይተሽ ነው፣ ምክንያቱም ልጅ እያለቀሰ 2 ደቂቃ ራሱ አንድ ሰዓት ነው የሚመስለው፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው የሚያቆመው። የፈላው ውሃ ከላዩ ቢጠረግም ቆዳው ውስጥ የገባው ሙቀት ሥራውን አያቆምም፣ ድስት ከእሳት ወርዶ ትንሽ እንደሚንተከተከው ማለት ነው፣ ወደ ታች ወደ ጥልቁ ሥጋ መውረዱን ይቀጥላል፣ ውሃው ያንን ነው የሚያስቆመው። ወዲያው ቢሆን ጥሩ ነው ግን ደንግጠሽ ቢዘገይም ተስፋ አትቁረጪ፣ ከተቃጠለ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ማቀዝቀዙ ጥቅም አለው።

በረዶ ግን አይሆንም፣ የተጎዳውን ቆዳ የደም ስር አጥብቦ ጉዳቱን ያባብሰዋል። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ እነዚህ ሁሉ ሙቀቱን ከላይ ይዘጉበታል፣ ቁስሉን ያቆሽሹታል፣ ሐኪሙም ጥልቀቱን ማየት ስለማይችል አንቺ ያየሽው ዓይነት እጥበት ይመጣል። ውሃው እየፈሰሰ ልብሱን፣ አምባሩን፣ ቀለበት ካለ ቀለበቱን አውጪ፣ ምክንያቱም ያብጣል ከዛ በኋላ አይወጣም፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ካለ ግን አትንኪው። ሌላ እናቶች የሚረሱት ነገር ልጁ ራሱ እንዳይበርደው ነው፣ የምናቀዘቅዘው የተቃጠለውን ቦታ ብቻ ነው፣ ሌላውን ሰውነቱን በብርድ ልብስ ሸፍኚው።

ከዛ ምግብ የሚሸፈንበት ስስ ላስቲክ ካለ የመጀመሪያውን ዙር ጥለሽ በላዩ አልብሺው፣ እንዳትጠመጥሚው ብቻ፣ ላስቲክ ከሌለ ብናኝ የማይለቅ ንጹህ ጨርቅ ይበቃል፣ ጥጥ አይደረግም ይጣበቃል። ውሃ ከቋጠረ አይፈነዳም። የቃጠሎው ስፋት ከልጁ ከራሱ መዳፍ ከበለጠ (የሰው መዳፍ ከነጣቶቹ የቆዳው 1 በመቶ ገደማ ነው)፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ወይም በኤሌክትሪክና በኬሚካል ከመጣ ሐኪም ቤት መሄድ ግዴታ ነው። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ትንሽ ቢመስልም አሳዪው ነው የምለው። አንድ የሚያሳስት ነገር፣ ነጭ ወይም የከሰለ መስሎ የማያም ቃጠሎ «አላመመውም» ተብሎ ይታለፋል፣ የማያመው እኮ ነርቩ ስለተቃጠለ ነው፣ ያ ነው ከባዱ።

ጥያቄ፦ ሲስተር ሲነስረኝ ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ «ቀና በል ቀና በል» ይለኛል፣ ቀና ስል ደግሞ ደሙ ጉሮሮዬ ይገባና ያቅለሸልሸኛል። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ጉሮሮህ ነው ትክክል። ቀና ስትል ደሙ አልቆመም፣ መንገድ ነው የቀየረው፣ ወደ ሆድህ ይወርድና ያስመልስሃል። ተቀመጥ፣ ወደ ፊት ዘንበል በል፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን የአፍንጫህን ክፍል በሁለት ጣት ቆንጥጠህ ያዝ፣ በአፍህ ተንፍስ፣ አፍህ የገባውን ትፋው። 10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትለቅ። «ቆመ ይሆን» እያሉ በየደቂቃው መልቀቅ ነው ነስርን የሚያራዝመው። ግማሽ ሰዓት ካለፈው፣ ወይ ጭንቅላትህን ተመትተህ ከመጣ፣ ወይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሐኪም ቤት። ከቆመልህ በኋላ ቀኑን ሙሉ አፍንጫህን አትናፈጥ።

ጥያቄ፦ አባቴ ምግብ ላይ እያለ አነቀው፣ አንዱ ውሃ ስጡት ይላል፣ አንዱ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ እኔ ጀርባውን መታሁት እግዚአብሔር ይመስገን ወጣ። ግን እንዴት እንደወጣ ራሱ አላውቅም። ለሕፃንም እንደዛ ይደረጋል? አራስ ቤት ነን።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ አባትሽንም እንኳን አተረፈልሽ። መጀመሪያ የምታዪው የሚያስል መሆኑን ነው። ካሳለ፣ ካለቀሰ፣ ከተናገረ አየር እየገባ ነው፣ ትን ብሎት ነው፣ «በርታ አስል» ከማለት ውጪ አትንኪው፣ የራሱ ሳል ከአንቺ ምት ይበልጣል። ድምፅ ከጠፋበት፣ አንገቱን ከያዘ፣ ፊቱ ከጠቆረ ግን ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው፣ ማንም «ውሃ አምጡ» እያለ እንዳያዘገይሽ፣ በተዘጋ ጉሮሮ ላይ ውሃ የት ይገባል።

በጎኑ ቁሚ፣ ደረቱን በአንድ እጅሽ ደግፈሽ በደንብ ወደ ፊት አጎንብሺው፣ በመዳፍሽ ተረከዝ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መሃል 5 ጊዜ በኃይል ምቺ፣ መታ መታ ሳይሆን ምቺ ነው የምልሽ። በየምቱ መውጣቱን እዪ። እምቢ ካለ ከኋላው ቁሚ፣ ጭብጥሽን ከእምብርቱ በላይ ከደረት አጥንቱ በታች አድርጊ፣ በሌላው እጅሽ ያዢውና ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቢ። ከዛ እንደገና ጀርባ 5፣ ሆድ 5፣ እስኪወጣ። እርጉዝ ወይም እጅሽ የማይዞርለት ወፍራም ሰው ከሆነ ሆዱን ትተሽ የደረቱን መሃል ሳቢ። ራሱን ከሳተ መሬት አስተኝተሽ አምቡላንስ አስጠርተሽ ደረቱን መጫን ትጀምሪያለሽ፣ እሱን ከታች ሌላ ልጅ ጠይቆኛል።

ይቺ ሆድ መሳብ የምትባለው ሄንሪ ሃይምሊክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1974 (እ.ኤ.አ) ያስተዋወቃት ናት። ሰውየው ጀርባ መምታትን አጥብቆ ይቃወም ነበር፣ ዛሬ ግን ብዙ የሥልጠና መመሪያዎች ሁለቱንም እያፈራረቁ ነው የሚያስተምሩት። የሚገርመው በ2016 (እ.ኤ.አ) በ96 ዓመቱ በሚኖርበት የአረጋውያን ቤት አጠገቡ ምግብ ያነቃቸውን ሴትዮ ራሱ ተነስቶ በዛችው ዘዴ አድኗቸዋል፣ እና ጉልበት የለኝም ለምትሉኝ እንግዲህ ይኼው።

ለጨቅላው፣ ማለትም አንድ ዓመት ላልሞላው፣ ሆድ አይነካም፣ ጉበቱን ትጎጂዋለሽ። ክንድሽ ላይ በደረቱ አስተኚው፣ ጭንቅላቱ ከገላው ዝቅ ይበል፣ አገጩን ያዢለት፣ ጀርባው ላይ 5 ጊዜ ምቺ፣ ከዛ ገልብጪውና የደረቱ መሃል ላይ ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብለሽ በሁለት ጣት 5 ጊዜ ተጫኚ፣ አፈራርቂ። የማይታይሽን ነገር በጣትሽ አትፈልጊ፣ ለአባትሽም ቢሆን፣ ወደ ውስጥ ገፍተሽ ነው የምትቀረቅሪው። ሆዱ የተሳበ ሰው ደግሞ ቢሻለውም በኋላ ሐኪም ይየው፣ ውስጡ ሊጎዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰው ወድቆ ባይተነፍስ ደረቱን መጫን እንዳለብኝ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ ግን እውነቱን ልንገርሽ እፈራለሁ፣ የጎድን አጥንት ብሰብርስ? ደግሞ አፍ ለአፍ መተንፈሱ ግዴታ ነው እንዴ?

መልስ፦ ልትሰብር ትችላለህ፣ አልዋሽህም፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ። የጎድን አጥንት ግን ይጠገናል። ልቡ የቆመ ሰው አንጎሉ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል፣ አምቡላንስ በዛ ፍጥነት የሚደርስባቸው ቦታዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ አንተ ከፈራህ ሌላ ሰው የለም።

ትከሻውን ነቅንቀህ ጥራው። መልስ ከሌለ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀና አድርገህ አገጩን አንሳና ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ደረቱን እያየህ አዳምጥ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ልቡ የቆመ ሰው አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ወይም እንደ ማጣጣር ያለ ድምፅ ያወጣል፣ «ኧረ እየተነፈሰ ነው» ተብሎ ይተዋል፣ እሱ መተንፈስ አይደለም። በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ አምቡላንስ ደውል፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገህ አጠገብህ አስቀምጠው፣ በጠንካራ መሬት ላይ አንጋለህ የመዳፍህን ተረከዝ የደረቱ መሃል ላይ አድርግ፣ ሌላውን እጅህን ደርብ፣ ክንድህ ሳይታጠፍ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ታች ተጫን። በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ማለትም በሰከንድ ሁለት ሊሆን ምንም አይቀረውም። እያንዳንዱ ጭነት በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ፣ በላዩ ላይ ተደግፈህ አትቅር። ያደክማል፣ በጣም፣ ሰው ካለ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። የልብ ማስነሻ ማሽን የሚገኝበት ቦታ ከሆነ አንዱ ሮጦ ያምጣ፣ ሲከፈት ራሱ በድምፅ ምን እንደምታደርጉ ይነግራችኋል።

መተንፈሱን ካልሠለጠንክ ወይም ካልፈለግክ ተወው፣ አዋቂ ሰው ድንገት ሲወድቅ ደሙ ውስጥ የቀረ ኦክስጅን አለ፣ መጫኑ ብቻውን ትልቅ ሥራ ይሠራል። ሕፃንና ውሃ ውስጥ የሰጠመ ሰው ግን መጀመሪያውኑ አየር አጥቶ ስለሆነ የደረሰበት ትንፋሽ ያስፈልገዋል፣ የሚችል ሰው 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ጊዜ ይተንፍስለት። ለዚህ ለዚህ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥልጠና ቢገኝ ውሰድ፣ በጽሑፍ ጥልቀቱን መናገር እንጂ እጅህን ማስለመድ አልችልም። በነገራችን ላይ ይኼ ደረት መጫን ድሮ የነበረ ይመስለናል እንጂ በ1960 (እ.ኤ.አ) ነው ኩወንሆቨን፣ ጁድ እና ኒከርቦከር የሚባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ሰዎች ጽፈው ያወጡት፣ ከዛ በፊት ሐኪሞች ደረት ከፍተው ልብን በእጃቸው ነበር የሚጨምቁት።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲስተር፣ የልጅ ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። ሲጥለው ምላሱን እንዳይውጥ ማንኪያ አፉ ውስጥ እናደርጋለን፣ እጅና እግሩን ሦስት ሆነን እንይዘዋለን፣ ባለፈው ጥርሱ ተሰበረ። ምን ይሻለናል? (አያቱ ነኝ)

መልስ፦ አባቴ እግዜር ይማርልዎት። ማንኪያውን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፣ ጣትም ጨርቅም እንዳያስገቡ። ሰው ምላሱን አይውጥም፣ ሊነክሰው ግን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ይድናል፣ የተሰበረ ጥርስ ጉሮሮው ቢገባ ነው የሚያሰጋው። እጅና እግሩንም አይያዙት፣ መንቀጥቀጡ በመያዝ አይቆምም፣ ትከሻው ሊወልቅ ወይ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። የእርስዎ ሥራ ሦስት ነገር ነው፣ ስለታምና ጠንካራ ነገር ከአጠገቡ ማራቅ፣ ጭንቅላቱ ሥር የታጠፈ ልብስ ማድረግ፣ እና ሰዓት ማየት። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ያስተኙት፣ ምራቁ ወደ ውጪ ይፍሰስ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ይፍቱለት። ሲነቃ ግራ ይገባዋል፣ ስሙን እየጠሩ በለሆሳስ ያናግሩት፣ ሰው እንዳይከበው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ ውሃም ቢሆን አይስጡት።

ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ውሃ ውስጥ እያለ ከመጣበት ወይም ሲወድቅ ከተጎዳ አምቡላንስ ነው። ሰዓት ይዩ ያልኩዎት ለዚህ ነው፣ ዓይን ላይ አንዱ ደቂቃ አምስት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ደም ሲፈስ ከላዩ ገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው አይደል? ሥራ ቦታ ሁሌ እንደዛ ነው የምናደርገው።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የሚፈስ ደምን የሚያቆመው ቁስሉ ራሱ ላይ መጫን ነው፣ በንጹህ ጨርቅ ወይ በጎዝ፣ ከሌለ በእጅህ፣ ጠንክረህ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳትገልጥ። ጨርቁ ከራሰ አታንሳው፣ ስታነሳው የረጋውን ደም ነው ይዘህ የምትወጣው፣ በላዩ ሌላ ደርብበት። የራስህ ቁስል ካልሆነ ጓንት ወይ ላስቲክ እጅህ ላይ አድርግ። ብርጭቆ ወይ ብረት ከተሰካበት አትንቀለው፣ ደሙን ደፍኖ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ግራና ቀኙን ተጭነህ እንዳይነቃነቅ በጨርቅ ደግፈህ ወደ ሐኪም ቤት።

ማሰር የምትመጣው እጅ ወይ እግር ላይ ሆኖ ደሙ እየተፈናጠረ በመጫን አልቆም ሲል፣ ማሽን እጅ ሲቆርጥ ለምሳሌ። ያኔም ገመድና ሽቦ አይሆንም፣ ሥጋውን ይቆርጠዋል፣ ሰፋ ያለ ጨርቅ ነው፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በእንጨት እየተጠመዘዘ ደሙ እስኪቆም። ያሰርክበትን ሰዓት ጻፍና ሐኪም እስኪያየው አትፍታው። ሥራ ቦታችሁ ለዚህ የተሠራ ማሰሪያ እንዲገዛላችሁ ጠይቁ። ትንሽ ቁስል ከሆነ በሚፈስ ውሃ እጠበው፣ ዱቄትም አፈርም ቅባትም አትነስንስበት፣ የቆሸሸ ወይም ጥልቅ ከሆነ ደግሞ የቴታነስ ክትባትህን ነገር ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ በረኪና ጠጣች፣ እንድታስመልስ ወተት ሰጠናት። ልክ ነን?

መልስ፦ አታስመልሷት። በረኪና ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥለዋል፣ ነጭ ጋዝና ቤንዚን ደግሞ ሲያስመልስ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ከሆድ ይብሳል። አፏን አጥባችሁ፣ ሐኪም ካላዘዘ ምንም ሳትሰጡ፣ የጠጣችበትን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ዕቃው ሐኪሙን ብዙ ጥያቄ ያሳጥርለታል። ዓይኗ ላይ ከተረጨ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጥቦ ነው መንገድ የሚጀመረው። እና እባካችሁ በረኪናን በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፣ ልጅቷ ምን ታድርግ፣ የምታውቀው ጠርሙስ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሰልፍ ላይ ስንቆም ራሷን ትስታለች፣ ውሃ እንረጭባታለን፣ በጥፊም እንላታለን (ቀስ ብለን ነው ሃሃ)።

መልስ፦ ቀስ ብላችሁም ቢሆን ተዉ። ቀጥ አድርጎ ማንሳቱም ስህተት ነው፣ ወደ አንጎሏ ደም እንዲሄድ ተኝታ እግሯ ከፍ ይበል፣ ሰው ይሸሽላት፣ በቃ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ትነቃለች፣ ከነቃችም በኋላ 10 ደቂቃ ትተኛ። ካልነቃች ትንፋሿን እዩ፣ እየተነፈሰች ከሆነ በጎኗ አስተኝታችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ስኳር በሽታ ካለባትና ነቅታ ላብ በላብ ሆና ከተንቀጠቀጠች ስኳር ያለው መጠጥ ስጧት፣ ራሷን ስታ እያለ ግን አፏ ውስጥ ምንም አይገባም። ደጋግሞ የሚጥላት ከሆነ ደግሞ ትመርመር።

ሌላ ነገር ልጨምር፣ አፍ ከጠመመ፣ አንድ እጅ አልነሳ ካለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ይኼ ድካም አይደለም፣ ስትሮክ ነው፣ «ይተኛ ይሻለዋል» አይባልም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ከጀመረበት በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ መቼ እንደጀመረው በትክክል አስታውሳችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ሣጥን ላዘጋጅ ነው፣ ምን ምን ልግዛ?

መልስ፦ ብዙ አትግዢ። ጎዝ፣ ሰፋ ያለ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ጓንት፣ የሙቀት መለኪያ፣ ፓራሲታሞል፣ ስስ ላስቲኩ፣ ባትሪ። የቤተሰቡ ሰው የሚወስደው መድኃኒትና የማይስማማው ነገር በወረቀት ተጽፎ ክዳኑ ላይ ይለጠፍ፣ የአምቡላንስ ቁጥሩም እዛው። የተከፈተ ሽሮፕ፣ የተረፈ አንቲባዮቲክ፣ ስሙ የጠፋ ቅባት እዛ ውስጥ እንዳይገባ፣ ብዙ ቤት ያየሁት ሣጥን የመድኃኒት መጣያ ሆኗል። ልጅ እጁ የማይደርስበት ቦታ ይሁን፣ ከቆለፍሽው ደግሞ ቁልፉ አንቺ ቦርሳ ውስጥ አይዙር።